በመስታወቱ ላይ ቀጥ ብላ የቆመችው

እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴንም ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፣ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ፎቶ ቤት ውስጥ በፖስታ ጀርባ ላይ የደንበኛ ስምና «ስምንት ጉርድ» የሚል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ደግሞ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። ሰፈራችን አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ነው፣ ጎረቤታችን አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ጭንቅላት የሌለው ሰው ቆሞ አየሁ ብላ ሰፈሩን ስታተራምስ ሄጄ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የባሏ ካፖርት ነበር፣ ካፖርቱን አውርጄ አጥፌ ሰጠኋት። እማዬ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት ስትሆኚ ትንቀጠቀጫለሽ፣ ሰይጣን ግን አትፈሪም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ እኔ የምፈራው ሰው ነበር።

የምሠራው አየር ጤና፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ንጋቱ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መጀመሪያ የቀጠሩኝ ለጽዳት ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ጉርድ ፎቶ መቁረጥና ፖስታ ውስጥ ማስገባት ለመድኩ። ደንበኛውን «ቀና በል»፣ «ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ» የሚሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ መቀሱን ይዤ ከጀርባ እቀመጣለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ማንም አያየኝም።

ጥግ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ካሜራ ነበር፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ፣ መሃሉ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል። ጋሽ ንጋቱ ሥራውን ካስተማሯቸው ሰው የወረሱት ነው፣ ፊልሙ ከገበያ ከጠፋ ጀምሮ ማንም አልነካውም፣ እኔ ራሴ የጽዳት ሽርጤን የምሰቅለው እሱ ላይ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ለቪዛ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ልጅ ሽርጤ ስር ያለውን ነገር አይቶ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዛሬም ይሠራል፣ ፊልሙም ዛሬም ይመረታል» አላቸው፣ ሄደ፣ ረሳነው፣ ከወራት በኋላ ግን በሰው እጅ አንድ ጥቅል ላከ። ሲከፈት በካርቶን የታሸገ ፊልም ነው፣ አንዱ ቅጠል የመዳፌን ያህል፣ ከነማጠቢያ መድኃኒቱ። ጋሽ ንጋቱ ካርቶኑን ደባበሱት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ «ምን ዋጋ አለው፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ ታዪልኛለሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ ጥቁሩ ጨርቅ ስር የገባሁበትን ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ካሜራውን ወደ በሩ አዞርነው፣ ጨርቁን ራሴ ላይ ጣልኩ፣ ከካሜራው ጀርባ ያለው ጭጋግ የመሰለ መስታወት መጀመሪያ ጨለማ ነበር፣ ዓይኔ ሲለምድ አየር ጤና በሞላው ተገልብጦ መጣ! ሚኒባሶቹ በጣራቸው ይሄዳሉ፣ ረዳቱ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይላል፣ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላዋን ወደ ታች ዘርግታ ሰማይ ላይ ትራመዳለች፣ ሁሉም ከነቀለሙ። ሳቅኩ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ እኔ! ከውጭ ጋሽ ንጋቱ «ምን አየሽ? ንገሪኝ እንጂ» ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ሁለት ቃል የማልናገረው ልጅ ከጨርቁ ስር ሆኜ ያየሁትን ሁሉ ለፈለፍኩላቸው። የማልታይበት፣ እኔ ግን ሁሉን የማይበት ቦታ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊቱ አልነጋ ይለኝ ነበር፣ ማለዳ ከሁሉ በፊት ደርሼ መዝጊያውን የምከፍት እኔ ሆንኩ።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ፊልሙ ማቀፊያ ውስጥ የሚገባው በድቅድቅ ጨለማ፣ በጣት ዳበሳ ነው፣ ማቀፊያው የሚሳብ ክዳን አለው፣ የክዳኑ አንዱ ገጽ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር። ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ ፊልሙ አልተነሳበትም ማለት ነው፣ ካነሳሽ በኋላ ጥቁሩን ወደ ውጭ አዙረሽ ትመልሺዋለሽ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ማዞሩን ረሳሁና ደጃችን ያለውን ዛፍ ያነሳሁበት ፊልም ላይ ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለውን የብየዳ ቤት ባለቤት ሙላትን ደግሜ አነሳሁበት፣ ሲታጠብ ከሙላት ጭንቅላት ላይ ዛፍ በቅሎ ወጣ። ጋሽ ንጋቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሙላት ደግሞ ፎቶውን ወስዶ ብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፣ ባለፍኩ ቁጥር «የሺ፣ ዛፌን ውኃ አጠጪልኝ!» እያለ ያሳፍረኛል። ይህን የነገርኳችሁ በኋላ «ተሳስተሽ ይሆናል» እንዳትሉኝ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ክዳን ማዞር ረስቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አስኒ ልምጣ። አስናቀች ታላቅ እህቴ ናት፣ እኛ አስኒ ነው የምንላት፣ በዚያው ሰሞን አረብ አገር ልትሄድ ሁሉ ነገሯ አልቆ ነበር። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ «ሳትሄድ ከእኔ ጋር ፎቶ ትነሳ፣ ግን በሞባይል አይደለም፣ ሞባይል ይሰበራል፣ ወረቀት ስጡኝ፣ ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው።» እኔም በትልቁ ካሜራ አነሳችኋለሁ አልኩ። አስቡት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በደንብ ላነሳ ነው፣ ያውም እናቴንና እህቴን፣ ጋሽ ንጋቱም ፈቀዱልኝ።

በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ሦስታችን በታክሲ ወደ አየር ጤና ሄድን። እማዬ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔና አስኒ ከኋላ። አስኒ በመስኮት እያየች፣ ድንገት «የሺ፣ ልቅር እንዴ?» አለችኝ።

«ምን?»

«አንድ ሰው አትሂጂ ቢለኝ እኮ እቀራለሁ። እማዬ ደላላው ቤታችን ከመጣ ጀምሮ አፏን ዘግታለች፣ አንቺ ደግሞ ከተወለድሽ ጀምሮ።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ፊቴን እያየች ትንሽ ቆየች፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ፣ ወረድን።

ፎቶ ቤት ስንገባ እማዬ ካሜራውን አይታ «ይሄ ደግሞ ካሜራ ነው ቁም ሣጥን?» አለች።

ጋሽ ንጋቱ «እትዬ ስንዱ፣ ይህ እንደ ሞባይል አይምሰልዎ፣ ሦስት ሰከንድ ትንፋሽዎን መያዝ አለብዎ» አሏት።

«ኧረ እኔ ትንፋሼ ሳያልቅ ነው መነሳት የምፈልገው!»

አስኒ በሳቅ ፈረሰች። እማዬን ወንበር ላይ አስቀመጥናት፣ አስኒ አጠገቧ ቆማ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ የእኔን ቢጫ ሹራብ ነበር የለበሰችው። ነገር ግን ሙላት በቀጭኑ ግድግዳ ማዶ ብረት እየቆረጠ ነው፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወለል ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሦስት ሰከንድ የሚነሳ ፎቶ ይበላሻል። ጋሽ ንጋቱ ከዘራቸውን አነሱና «እስክመለስ አስተካክያቸው፣ ይህን ሰውዬ አንድ ደቂቃ ልለምነው» ብለው ወጡ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቃጭል ሲወጡ ተንሿሿ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ያ ቃጭል ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ይጮኻል።

ብረት መቁረጫው ቀጥ አለ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ጆሮ የሚያሳክክ ዓይነት ነበር። ጨርቁን ራሴ ላይ ጣልኩና መስታወቱን አየሁ። እማዬ ተዘቅዝቃለች፣ ነጭ ነጠላዋ ከላይ ተንጠልጥሏል። አስኒም ተዘቅዝቃለች፣ ቢጫ ሹራቧ ያበራል። እና በመስታወቱ ዳር፣ በግራ በኩል፣ አንዲት ሴት ቆማለች። ጥቁር ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ ጠቅልላ፣ ሁለት እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ተጠራ ሰው።

እመኑኝ፣ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፣ ደንበኛ ገብታ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ግን ቃጭሉ አልጮኸም። ቀጥሎ ደግሞ ሌላው ነገር ገባኝ፣ ሴትዮዋ አልተገለበጠችም። መንገዱም፣ ሚኒባሱም፣ ዛፉም፣ እናቴም የሚገለበጡበት መስታወት ላይ እሷ ብቻ በእግሯ ቆማለች።

ጨርቁን ገልጬ ወጣሁ። እማዬና አስኒ ብቻ ናቸው፣ በሩ ዝግ ነው። እማዬ «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኩና ተመልሼ ገባሁ። ሴትዮዋ አለች፣ ደግሞ ትልቅ ሆናለች፣ ቀርባለች ማለቴ ነው። በዚያን ጊዜ ጨርቁ ውስጥ የበረኪና ሽታ ሸተተኝ፣ በረኪና እኛ ፎቶ ቤት የለም፣ ጋሽ ንጋቱ ፊልም ያበላሻል ብለው አያስገቡም። ከዚያ ከጆሮዬ በስተኋላ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ሲያለቅስ ውሎ የበረደለት ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። የእኔ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ያኛው ቀጠለ።

ጋሽ ንጋቱ ከውጭ ጮኹ፣ «አሁን! አሁን የሺ! ሙላት ከዚህ በላይ አይታገሠኝም!»

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እስቲ ንገሩኝ። «እማዬ፣ መስታወቱ ውስጥ ሴት አለች» ልበል? እጄ የለመደውን አደረገ፣ ማቀፊያውን አስገባሁ። ማቀፊያው አንዴ ከገባ መስታወቱ ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አታዪም፣ የዚህ ካሜራ ጠባዩ ይህ ነው፣ በምታነሺበት ሰዓት ዕውር ነሽ። ክዳኑን ሳብኩ፣ ከካሜራው ጎን ቆሜ ቁልፉን ተጫንኩ። አንድ። አስኒን አየኋት። ሁለት። ሌንሱን አይደለም የምታየው፣ ከእኔ ራስ በላይ፣ ከኋላዬ የሆነ ነገር ነው የምታየው፣ ዓይኗ አይርገበገብም። ሦስት። ዞሬ ማየት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን አንገቴ እንቢ አለኝ። ክዳኑን አዙሬ፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጌ መለስኩት፣ ወዲያው የሙላት መቁረጫ ጀመረና ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ስዞር ምንም የለም።

«ጨረስሽ?» አለችኝ አስኒ፣ ድምጿ ቀጥኗል።

«አዎ።»

ተያየን። እሷ አፏን ከፈተችና ዘጋችው፣ እኔም እንደዚያው። እማዬ ከወንበሩ እየተነሳች «ሁለታችሁም ምላሳችሁን ዋጣችሁ እንዴ? በሉ እንሂድ፣ ሊጥ ጥዬ ነው የመጣሁ» አለች።

እነሱ ሄዱ፣ እኔ ፊልሙን ላጥብ ቀረሁ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ከጋሽ ንጋቱ ጋር ሆነን፣ እንደ ትምህርት አስመስዬ «ጋሼ፣ መስታወቱ ላይ ሳይገለበጥ የሚታይ ነገር አለ?» አልኳቸው።

«የለም። ካለም ከፊትሽ ያለ አይደለም፣ ከኋላሽ ነው። መስታወት አይደል? ከኋላሽ ያለውን መልሶ ያሳይሻል። ጨርቁን የምንለብሰው ለዚህ አይደል እንዴ?»

«ጨርቁን ለብሼ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ጨርቁ ውስጥ አብሮሽ ገብቷላ!» አሉና ሳቁ። በጨለማው አልተያየንም፣ ግን እኔ አለመሳቄን ሰሙ መሰለኝ፣ ሳቃቸውን አቋረጡት።

ፎቶው ግሩም ነበር፣ ያጋነንኩ አይምሰላችሁ፣ የእማዬ ነጠላ ጥለት ክሩ ይቆጠራል። እማዬ ስለተነፈሰች ፊቷ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፣ አስኒ ግን እንደ ተቀረጸ ድንጋይ ጥርት ብላለች። በማጉያ መነጽር ዓይኗን አየሁት። ትልቅ ፊልም ላይ ዓይን ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል፣ መስኮቱ ትንሽ ነጭ ሆኖ አለ፣ ካሜራው አለ፣ ከጎኑ የቆምኩት እኔ አለሁ። ከእኔ ኋላ ደግሞ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ነገር ቆሟል።

መነጽሩን ለጋሽ ንጋቱ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ላይ ለጥፈው አዩት። «የመጋረጃ ጥላ ይሆናል» አሉ። ከዚያ መነጽሩን ቶሎ መለሱልኝና «ደግሞ በእኔ ዓይን አትተማመኚ» አሉ። መጋረጃውን በዚያ ሳምንት ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ገና አልተሰቀለም ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ሙሉ ነበረኝ። ልነግራት ልነግራት እያልኩ አንዴ ልብሷን ሳጣጥፍ፣ አንዴ ጫማዋን ስጠርግ፣ ስለ ሻንጣዋ ክብደት ብቻ አወራታለሁ። ምን ብዬ ልንገራት? አንዲት ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች የፎቶ ቤት ልጅ መስታወት ላይ ሴት አየሁ ስላለች ቪዛ ይቀራል? በምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን ስትዘጋ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አስኒ።»

«እ?»

ሻንጣውን ትታ ቀና አለች። ጠበቀችኝ። አሁን ሳስበው ያን ያህል ሰዓት ጠብቃኝ አታውቅም።

«ፎቶው ደርሷል» አልኳት።

ተቀብላኝ አየችው፣ በአውራ ጣቷ የራሷን ዓይን ሸፈነችው። ትንሿን ቅጂ ይዘሽ ሂጂ ብላት «እማዬ ጋ ይቀመጥ» አለች። እማዬ ግንባሯን ስማ፣ መርቃ ሸኘቻት።

በወሩ በቴሌግራም ፎቶ ላከች። ጥቁር ረጅም ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ እጆቿን ከፊቷ አጣምራ። እማዬ ስልኩን ስማ «ወፍራለች ልጄ!» ብላ አለቀሰች፣ እኔ ግን ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ። «አስኒ ተመለሺ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት፣ ደግሜ ጻፍኩና አጠፋሁት። በየእሑዱ ትደውል ነበር፣ እጄን በረኪና በላው ትለናለች፣ ደኅና ነኝ ትለናለች፣ ስልኩ ከሳምንት ሳምንት እያጠረ መጣ። ከዚያ ቆመ። የላኳት ሰዎች አሠሪ ቀይራለች ይሉናል፣ የት እንደሆነች ስንጠይቃቸው ነገ ኑ ይሉናል። እማዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ እያየች «ይቺ ልጅ ምነው ወደ እኔ አታይም?» ትላለች።

እኔ ካሜራውን አልተውኩትም። ጋሽ ንጋቱ «ትንሽ ይረፍ» ቢሉኝም በየቀኑ ደንበኛ ሲጠፋ ባዶውን ወንበር እያየሁ ጨርቁ ስር እገባለሁ። ከመጣች፣ እምላለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ዞሬ አያታለሁ፣ አናግራታለሁ። ግን ወንበሩም ይገለበጣል፣ ግድግዳውም ይገለበጣል፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ተገልብጦ ነው ያለው።

መጨረሻ የደወለችው እማዬ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት እሑድ ነበር። ከኋላዋ የሚወርድ ውኃ ይሰማል፣ እሷ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፣ እማዬ ደኅና ናት ወይ አለችኝ፣ ደኅና ናት አልኳት፣ ከዚያ የሚሰማኝ ትንፋሿ ብቻ ነበር፣ ትንፋሹን አወቅሁት። ልትዘጋው ስትል ነው እንዲህ ያለችኝ፦

«የሺ፣ ያን ቀን ከኋላሽ የቆመችውን ሴት አይቻት ነበር እኮ። ዝም ያልኩት እኔን ስለመሰለችኝ ነው። አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»